ፍሳሹ ከየት ይነሳል?

«ቁልፉን አስቀምጠው፤ መጀመሪያ ትታጠብ» አሉ ሽማግሌው መካኒክ። ረዳታቸው የቡሶላውን ሳጥን ከፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክሪኩን አስጠግቶ ነበር። ፊቱ የቆመችው መኪና ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» ብሎ የሚጠራት። ኮፈኗ ተነስቷል። ሞተሩ ከቫልቭ ክዳኑ እስከ ኮፓው፣ እስከ ታችኛው የዘይት ቋት ድረስ፣ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት፣ የቱ ብረት የቱ ጎማ እንደሆነ አይለይም።

ባለቤቱ ወጣት ነው፤ መኪናዋን ከአባቱ ተረክቧል። ከጥቂት ወራት በፊት ሌላ ጋራዥ ወስዷት ነበር። እዚያ ከሥር አየት አድርገው «የኋላ ፓራኦሊዮ ነው» አሉት፤ ከክራንኩ ጀርባ ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ማለት ነው። ካምቢዮው ወረደ፣ ፍሪሲዮኑ ተፈታ፣ ፓራኦሊዮው ተቀየረ፣ ሁሉም ተመልሶ ታሰረ። ዕቃው ርካሽ ነበር፤ የእጅ ዋጋው ግን ኪሱን አራገፈው። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ያው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ያው ቦታ ላይ ታየ።

«ጋሼ፣ ፓራኦሊዮው እኮ አዲስ ነው» አላቸው።

«አዲስ ይሆናል ልጄ። ግን ዘይቱ ከዚያ ሲወጣ ያየ ሰው አለ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ሲንጠባጠብ ሁሉም አይቷል፤ ሲወጣ ያየ የለም። ለአሮጌ መኪና ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚንጠባጠብበትን አይቶ የሚፈታ መካኒክ ጎበዝ እጅ ቢኖረውም፣ ጥሩ ዕቃ ቢገዛም፣ ያልታመመውን ነው የሚያክመው።

ይህ ጉዳይ የጥቂት አሮጌ መኪና ወዳዶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁበት። ዲኤክሷ የመጣችበት ኮሮላ ለገበያ የቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ነው። ዛሬም ሰው ይዛ ትሄዳለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ዳገት ትወጣለች። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ገዝቷል፤ የማይችለው ግን ያለችውን መኪና ማኖር አለበት። ማኖር ማለት ደግሞ በአብዛኛው ዘይቷንና ውሃዋን ውስጧ ማቆየት ማለት ነው።

የዲኤክሷ ሞተር 4ኬ ይባላል። 1,290 ሲሲ፣ አራት ፒስተን፣ ብሎኩ ከብረት የተቀለጠ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ኮምፒዩተር የለውም፣ በካርቡራተር ይሠራል፤ ኮፈኑ ሲከፈት በዙሪያው እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ፍሳሽ አፈላለግ ለመማር ከዚህ የተሻለ ሞተር አላውቅም፤ የሚደብቀው ጥቂት ነውና።

*

ረዳቱ የካርቡራተሩን አፍ፣ የዲናሞውንና የማቀጣጠያውን ቦታ በፕላስቲክ ሸፈነ፤ ባትሪውን ፈታ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። በብሩሽና በሳሙና፣ ግትር የሆነውን በናፍጣ እያራሰ ከላይ ወደ ታች አጠበው። በጋለ ሞተር ላይ ይህ አይሠራም፤ ናፍጣው እሳት ሊያስነሳ፣ ቀዝቃዛው ውሃም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ባለቤቱ ሰዓቱን ያያል፤ ሽማግሌው ግን ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ዘይት ከወጣበት ቦታ አይቆምም። ወደ ታች ይወርዳል፣ በብረቱ ጠርዝ ላይ ይሄዳል፣ መኪናዋ ስትነዳ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከቴስታታው የፊት ክፍል የጀመረ ዘይት ካምቢዮው ሥር ሊንጠባጠብ ይችላል። የቆርቆሮ ጣራ ሲያፈስ ኮርኒሱ የሚረጥበው ሚስማሩ ከላላበት ሁለት ሜትር ርቆ እንደሆነው ሁሉ ማለት ነው። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ የአምስት ዓመቱም የዛሬውም ፍሳሽ አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናል። መታጠቡ ለውበት አይደለም። አሮጌውን ምስክር ከችሎቱ አስወጥቶ አዲሱን ለመስማት ነው።

ሞተሩ ሲደርቅ ሽማግሌው ከኪሳቸው የሕፃን ፓውደር አወጡ። የቴስታታውን መጋጠሚያ፣ የካቴናውን ክዳን፣ የኮፓውን ዙሪያ፣ የፍሪሲዮኑን ቤት ነፉበት። ሁሉም ነጭ ሆነ። «አሁን አስነሳና ሃያ ደቂቃ ያህል ዞር ዞር በልባት፤ ዳገት ፈልግ።»

ውድ የሆነው መንገድ በዘይቱ ውስጥ የሚጨመር፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የሚያበራ ቀለም ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ በተለይ ፍሳሹ በጣም ጥቂት ሆኖ በሳምንት አንዴ ብቻ ሲታይ። ፓውደሩ ግን በየሱቁ አለ፤ የሚያሳየውም በዓይን ነው።

መኪናዋን ስንጠብቅ ስለ ነጠብጣቡ ራሱ ጠየቅኳቸው። ምንም ሳይፈቱ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው የመጀመሪያ ሥራ፣ ማታ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ዘርግቶ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ነው። ጠዋት የወደቀው ነገር ቦታውንም ቀለሙንም ይናገራል። የሞተር ዘይት አዲስ ከሆነ የማር ቀለም አለው፣ ካረጀ ይጠቁራል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፤ የድኝ ሽታው አይረሳም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው። የፍሬን ዘይት ጥርት ያለ፣ በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት ሆኖ ብዙ ጊዜ ጎማ አጠገብ ይገኛል፤ ከተገኘም መኪናዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ኩላንት አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ አለው። ማሽተት ይቻላል፤ መቅመስ ግን በፍጹም አይገባም። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ ጣፋጭነቱ ውሻንም ሕፃንንም ስለሚስብ ወለል ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ማጠብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ባለመኪናዎች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ፦ የነጠብጣቡ ስፋት ያታልላል። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ወደ ሃያ ጠብታ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ሲሰፋ ግን ከመዳፍ ሊበልጥ ይችላል። በየአሥር ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የምትጥል መኪና በሰዓት 18 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ታጣለች፤ ዘይቷ ደግሞ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ግቢን አጥቁሮ ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ፍሳሽ ሞተር የማይገድል ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ምንም ሳይጥል ዘይት የሚጨርስ ሞተር አለ፤ በፒስተኑ ፋሻና በቫልቩ በኩል እያቃጠለ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣው። ያኛው ነው የሚያስፈራው።

መኪናዋ ተመለሰች። ሽማግሌው የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዘው ወደ ሞተሩ ጀርባ አጎነበሱ፤ ወጣቱንም በትከሻው ሳብ አድርገው መስታወቱን አሳዩት። ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ ተነስቶ በቴስታታው ጀርባ ቁልቁል የወረደ፣ ከፓውደሩ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ ቡናማ መስመር። መስመሩ የብሎኩን ጀርባ ተከትሎ የፍሪሲዮኑ ቤት መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ዞሮ ወደ ታችኛው ቀዳዳ ይወርዳል። ፓራኦሊዮ ያፈሰሰውም ዘይት የሚወጣው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ፍሳሾች መውጫቸው አንድ፣ መነሻቸው የተለያየ ነው። አንደኛው በሰዓት ሥራ ይዘጋል፤ ሌላኛው ካምቢዮ ያስወርዳል።

ወጣቱ ለረጅም ጊዜ መስታወቱን አየ። ቁጣውን ዋጥ አድርጎ «እና ያኔ ይህንን ቢያዩት…» አለና ተወው።

*

የቫልቭ ክዳኑ ሲነሳ መጋጠሚያውን የሚያሽገው የቡሽ ጓርኒሲዮን ተሰባብሮ ወጣ። ቡሽ ሙቀት ሲደጋገምበት ይደርቃል፣ ይጠብባል፣ ይሰነጠቃል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው የክዳኑ ጠርዝ ነበር፤ ቀጥ ያለ ብረት ላይ ሲያስቀምጡት ይወዛወዛል። አንድ ሰው ፍሳሹን በጉልበት ሊያስቆም ሞክሮ ነበር። ዳዶው ሲጠብቅ ስሱ የቆርቆሮ ክዳን ይጎብጣል፤ በተጠበቀበት በኩል ጓርኒሲዮኑ ይደቅቃል፣ ከዚያ ርቆ ባለው በኩል ክዳኑ ብድግ ይላል። የኮፓ ቡሎኖችም ላይ ይኸው ስህተት በየቀኑ ይሠራል። ፈሰሰ፣ ጠበቅ አደረጉት፣ የባሰ ፈሰሰ፣ ደግመው ጠበቅ አደረጉት።

ሽማግሌው ክዳኑን ገልብጠው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስቀመጡት፤ በትንሽ መዶሻ ጠርዙን ዙሪያውን እየዳበሱ አቀኑት። ይህ ሥራ በማንኛውም የእጅ ዋጋ ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። አዲሱ ጓርኒሲዮን አሥር ዓመት መቆየቱን ወይም በአሥረኛው ቀን ማፍሰሱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከዚያ የቴስታታውን ፊት ከአሮጌው ቡሽ ፍርፋሪ አጸዱ፣ ጓርኒሲዮኑን አስቀመጡ፣ ዳዶዎቹን እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት አሰሩ።

ረዳቱ የሲሊኮን ቱቦ አቀበላቸው። አልተቀበሉትም። ሲሊኮን ቦታ አለው፤ ሁለት ክዳኖች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ጠብ ማድረግ ጠቃሚ ነው። ጓርኒሲዮኑን በሙሉ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ውጭ የተጨመቀው ለዓይን ያስቀይማል፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፖምፓው በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ፍሳሽ ለማቆም የተደረገ ሲሊኮን ሞተሩን ከዘይት ነጥሎ ሊገድለው ይችላል። የኮፓ ወንፊት ላይ እንዲህ ተለጥፎ የተገኘ ሲሊኮን አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ሰማያዊ ሲሊኮን ያበጠበት ሞተር ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ለእኔ የዕለቱ ትልቁ ትምህርት ነው። ሞተሩን አስነሱ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው አንድ ቁራጭ ወረቀት አፉ ላይ አስቀመጡ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። እየተርገበገበ ተነሳ።

ማንኛውም ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ታች ይገባል። ያ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። በ4ኬ ላይ ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚሄድ ቱቦና ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ጋዙ በእነሱ ተስቦ ተመልሶ ይቃጠላል። መንገዱ በጥቁር ዝቃጭ ሲዘጋ ግፊቱ ሞተሩ ውስጥ ይከማቻል። የፊት ፓራኦሊዮ፣ የኋላ ፓራኦሊዮ፣ የኮፓ ጓርኒሲዮን፣ የዘይት መለኪያው ቀዳዳ፣ ሁሉም ግፊቱን ለመቻል አልተሠሩም። ዘይቱ ከደካማው በኩል ይወጣል። ያንን ሲዘጉት ሁለተኛውን ደካማ ይፈልጋል። አንድ ባለመኪና «ሁሉንም ቀየርኩ፣ ሁሉም ያፈስሳል» ሲል የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለዚህ ትንሽ ቱቦ ነው። የዲኤክሷ ቫልቭ በእጅ ሲወዘወዝ መንኳኳት ሲገባው ዝም አለ። ተቀየረ፣ ቱቦው ታጠበ፤ ወረቀቱም አፉ ላይ ልጥፍ አለ። በዚህ ባያበቃና ወረቀቱ አሁንም ቢነሳ ኖሮ ነገሩ የፋሻ ማለቅ ነው፤ የሞተር ማደስ ወሬ የሚጀመረው ያኔ ነው።

በግፊት የሚሄደውን ዘይትና በራሱ የሚወርደውን መለየትም ያስፈልጋል። የቫልቭ ክዳን ሥር ያለው ዘይት ግፊት የለውም፤ ቀስ ብሎ ያዣል። ከፖምፓው በኋላ በፊልትሮው፣ በዘይት ግፊት ጠቋሚዋ፣ በክራንኩ መስመሮች የሚሄደው ግን ተገፍቶ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኩል የሚከፈት ቀዳዳ ኮፓውን በጥቂት ደቂቃ ሊያራቁተው ይችላል። የግፊት ጠቋሚዋ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ርካሽ ዕቃ ናት፤ ሽቦዋ ሲነቀል መሰኪያው ውስጥ ዘይት ካለ ነገ ዛሬ ሳይባል ትቀየራለች።

*

ወጣቱ ሌላ ችግር ነበረው። ራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። በየሳምንቱ ከቧንቧ ይሞላል፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም። ጎረቤቱ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን በልቷል» ብሎታል። ወጣቱ ቴስታታ ለማስነሳት ገንዘብ መቆጠብ ጀምሯል።

የውሃ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ከተማ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ 82 ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው! መኪኖቻችንን የሚያድናቸው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት እስኪደርስ ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዛል፤ በዚያ ግፊት ተራ ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ 114 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። ጎሚኒው የተሰነጠቀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ይነጥቃል። ማንም ሰው ራዲያተር ከማስቀየሩ በፊት፣ ቴስታታ ከማስነሳቱም በፊት፣ ክዳኑን ያሳይ።

የዲኤክሷ ክዳን ደህና ነበር። ሽማግሌው በክዳኑ ፈንታ በእጅ የሚነፋ ጌጅ ያለው ፓምፕ ገጠሙ። ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ ጠፍቷልም። እስከ 0.9 ነፉትና ተውት። ይህ መሣሪያ ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚከፈተውን ፍሳሽ በቀዝቃዛ ብረት ላይ፣ እጅ ሳይቃጠል፣ በዝግታ ለማየት ያስችላል። መርፌው ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ።

ከዚያ መፈለግ ነው። የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ፣ ፋሼታዎቹ የሚያጠብቁበት ቦታ። የራዲያተሩ ጠርዝ። የቴርሞስታቱ ቤት። የውሃ ፖምፓው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፤ እሷ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፣ የፖምፓው ማኅተም ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ከመግባቱ በፊት በእሷ ወጥቶ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። አንዳንዱ እሷን በማስቲሽ ይደፍናታል፤ አፍን ይዞ ጩኸት እንደ ማስቀረት ነው፣ ፖምፓው ከነኩሽኔታው ይሞታል። ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍም ይዳሰሳል፤ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሲያፈስ እዚያ ይረጥባል፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ በቅባታማ ጉም ይሸፈናል። ሁሉም ደረቅ ነበር።

ሽማግሌው መስታወቷን በጭስ ማኒፎልዱ ሥር አሾለኩ። ብሎኩ ጎን ላይ ሲቀለጥ የቀሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ በክብ ስስ የብረት ታፖዎች ይዘጋሉ። አንደኛው ታፖ ላይ የዝገት እከክ ነበር፤ ከእከኩ ሥር አንዲት ጠብታ ትሰበሰባለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላ ትሰበሰባለች። መኪናዋ በምትሄድበት ጊዜ ጠብታዋ ከላይ በሚግለው ማኒፎልድ ሙቀት መሬት ሳትደርስ ትተናለች። የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተባለው ይህ ነው።

ታፖው ተነቅሎ ሲወጣ የበላው ዝገት ከውስጥ እንደመጣ በግልጽ ይታይ ነበር። እዚህ ላይ አምርሬ የምናገረው ነገር አለ። አገራችን በረዶ የለም ብለን ኩላንትን እንደ ፈረንጅ ቅንጦት ቆጥረነዋል፤ ከቧንቧ እንሞላለን። ኩላንት ውሃ እንዳይረጋ ማድረጉ ከሥራው አንዱ ብቻ ነው። መፍያውን ከፍ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ያለው ፀረ ዝገት ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከመበላት ይጠብቃል። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ራዲያተሩ ውስጥ ይጋግራል፤ የዝገቱ ዱቄት ጠባቦቹን ቱቦዎች ይደፍናል፣ የፖምፓውን ማኅተም ይፍቃል። ዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ በኖረ ሞተር አንድ ታፖ ከተበሳ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው እጅ የሚደርስባቸውን ሁሉ ቀየሩ፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ሞተሩን አጠቡት፤ ኩላንቱን ባትሪ ላይ ከሚጨመረው የተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅለው ሞሉ። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ኩላንቶች አለመደባለቅ ነው፤ የውስጡ ቅመም ላይስማማ ይችላል። አረንጓዴው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የወጣው አሮጌ ውሃ ቦይ ውስጥ አልተደፋም፤ በጀሪካን ተከድኖ ተቀመጠ።

*

የቴስታታ ጓርኒሲዮን እውነትም ሲበላ ምልክቶቹ ሌሎች ናቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ድንጋይ ሆኖ ይጠነክራል፤ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነውና። ክዳኑ ተከፍቶ በቀዝቃዛ ሞተር ሲታይ ያልተቋረጠ አረፋ ይወጣል። ከሞቀ በኋላም የማይቆም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ በማርሚታው ይታያል። ካንዴላዎቹ ሲነቀሉ አንዱ ብቻ ታጥቦ የወጣ ያህል ንጹሕ ነው፤ ውሃ የገባበትን ሲሊንደር እንፋሎቱ አጥቦታል። ጥርጣሬ ከቀረ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ሲያይ ነው። ክረምት ላይ፣ ከቤት ገበያ ከገበያ ቤት ብቻ በምትሄድ መኪና፣ ያ አረፋ የእርጥበት ጤዛ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ጤዛውን ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አላገኘም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ይውጣ። እሱ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና ውሃው ካልጎደለ፣ መኪናዋን አንድ ሰዓት ረጅም መንገድ ነድቶ እንደገና ማየት ነው። ዘንጉም ላይ ወተት ከታየ ግን ሞተሩ አይነሳም፤ ያ ዘይት ኩሽኔታ አያድንም።

ወጣቱ ሒሳቡን ከፍሎ ሊሄድ ሲል ሽማግሌው የፊቱ ፓራኦሊዮ ላይ ያለውን እርጥበት አሳዩት። ከጣት ጫፍ የማያልፍ ላብ። «ይህን ተወው» አሉት፤ «በየሳምንቱ ዘንጉን እያየህ ንዳ። ካቴናው የሚከፈትበት ሥራ ሲመጣ አብሮ ይቀየራል።» ይህን በድፍረት የሚል መካኒክ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ፓራኦሊዮ የሚገኘውን ገንዘብ እያወቀ መተው ነውና። ሊተዉ የማይገባቸው ሌሎች ናቸው። የጭስ ማኒፎልድ ላይ የሚወድቅ ዘይት ያጨሳል፣ ቀን ሲጎድል ይነድዳል። ፍሪሲዮን ላይ የደረሰ ዘይት ዳገት ላይ ያንሸራትታል። የውሃ ፍሳሽ ደግሞ ትንሽ የሚባል የለውም፤ የጎደለ ዘይት ዘንጉ ላይ ይታያል፣ የውሃ መጉደል የሚነገረው ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ወጣቱ ወደ ጎጃም ሊሄድ ነው፤ ስለዚህ ስለ ዓባይ በረሃ ተነጋገሩ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ያንኑ ያህል ዳገት ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሙሉ ጉልበቱን ይሠራል፣ የሚገባው አየር ትኩስ ነው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስም ትንሽ ነው። የታመመ የውሃ መስመር ያለው መኪና ራሱን የሚገልጠው እዚያ ነው።

«መርፌው መውጣት ከጀመረ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው፤ መስኮትህን አውርድ» አሉት። ማሞቂያው ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ለሰው ያቃጥላል እንጂ ለቴስታታው እረፍት ነው። ካልወረደ ዳር ይዞ ማቆምና ማጥፋት ነው። ክዳኑ ግን አይነካም፤ ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ይለቀቅና ታፍኖ የቆየው ውሃ ያንኑ ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ማኒኮቶው በእጅ ተይዞ የሚጨመቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ከዚያም ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ አይገለበጥበትም። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ የጋለው ቴስታታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ካለው ብሎክ ጋር እኩል መሰብሰብ አይችልም፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቴስታታ ቶርኖ ቤት ገብቶ ቀጥ ባለ ሚዛን ሲለካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት ጥመት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይነሳል፤ ውሃውም ሞተሩ እየሠራ፣ በቀጭኑ፣ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል።